ሆዷ እስኪገፋ ለምን እንጠብቃለን?

«ዓይንሽን ጨፍኚ፤ በዚህ ደግሞ አፍንጫሽን ያዢ» ብላ ፀጉር ሠሪዬ እርጥብ ፎጣ ሰጠችኝ። ቅዳሜ ነው፣ የጥር የሠርግ ሰሞን። ፀጉር ቤቱ ጢም ብሏል። የፀጉር መተኮሻው ብረት፣ ፔስትራው፣ ኬራቲን የሚባለውን ማለስለሻ የተቀባውን ፀጉሬን ሲነካው ጭሱ ቡን አለ። ጉሮሮዬን እንደ በርበሬ ከነከነኝ። ፎጣውን እንደያዝኩ በመስታወቱ ሰረቅ አድርጌ አየኋት። እሷ ፎጣ የላትም። ሁለቱም እጆቿ ሥራ ላይ ናቸው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ፊቷን ዞር አድርጋ ትንፋሽ ትወስድና ትመለሳለች። ከእኔ በኋላ ለዚሁ ለኬራቲን ወረፋ የያዙ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

ከወራት በኋላ ስመለስ ሆዷ ገፍቷል። በጣቴ ቆጠርኩ። ያን ቅዳሜ እርጉዝ ነበረች። «ያኔ አውቀሽ ነበር?» አልኳት። «ኧረ የት አውቄ! የዘገየብኝ በሥራ ብዛት መስሎኝ» አለችና ሳቀች።

ልጇ በደህና ተወልዷል፣ ተመስገን። የአብዛኞቹ ፀጉር ሠሪዎች ልጆችም በደህና ይወለዳሉ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ማንንም ለማስደንገጥ ስላልተነሳሁ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ በፀጉር ሠሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዶቹ ከሌላው ሠራተኛ የተለየ ነገር አላገኙም። ሌሎቹ ግን የፅንስ መውረድ፣ ያለ ጊዜው መወለድ ወይም የልጅ ክብደት ማነስ በመጠኑ ከፍ ብሎ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የሰሜን ካሮላይና ጥናት የፅንስ መውረዱ ከፍ ያለው ሙሉ ጊዜ በሚሠሩትና በሳምንት ብዙ የኬሚካል ሥራ በሚሠሩት ላይ እንደሆነ አሳይቷል። ነገሩ የመጠን ጉዳይ ነው ማለት ነው። ስንት ሰዓት? ስንት ራስ? በምን ዓይነት ክፍል ውስጥ?

የእኛ ክፍል ደግሞ ይታወቃል። አንድ በር፣ አንድ መስኮት። መስኮቱም ከውጭ እንዳያሳይ በሞዴሎች ፎቶ ተሸፍኗል። ውስጥ ሦስት ካስክ (ፀጉር ማድረቂያ) ይግላል፣ አንዷ ቀለም ትበጠብጣለች፣ ጥግ ላይ ጥፍር ይሠራል። የአውሮፓን ጥናት አንብቦ «ጉዳቱ ትንሽ ነው» ብሎ መተኛት ለእኛ አይሠራም።

ስለ ኬራቲን ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ጣጣ ያለው እዚያ ነው። ፀጉሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ኬራቲኑ ሳይሆን ፎርማልዲሃይድ ነው። አስከሬን በሚደርቅበት ፎርማሊን ውስጥ ያለው ማለት ነው። የዓለም የካንሰር ጥናት ተቋም ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ስሙ ይቀየራል፤ ዕቃው ላይ «ሜቲሊን ግላይኮል» ተብሎ ይጻፋል። 200 ዲግሪ ያለፈ ፔስትራ ሲነካው ተመልሶ ጋዝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የኦሬገን ግዛት የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች «ከፎርማልዲሃይድ ነጻ» የሚል ጽሑፍ የለጠፈ ምርት መርምረው በአማካይ ከ8 በመቶ በላይ አግኝተውበታል። ያ ሁሉ ቁጥጥር ባለበት አገር! በሻንጣ የገባውን፣ ጽሑፉ በማናነበው ቋንቋ የተጻፈውን ማን ይመርምርልን?

«ማስክ አድርጊ» የሚለው ምክርም የሚመስለውን ያህል አይረዳም። የኮቪድ ጊዜው ማስክ ጋዝ አያስቆምም። ጓንት ለቀለም ይረዳል፤ አየሩን ግን አይለውጠውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለ ፀጉር ሠሪዎችና እርግዝና ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ሆዷ የገፋው ሴት ናት። ወንበር ይሰጣት፣ ቀለም አትንካ፣ ትረፍ። ጥሩ ነው። ግን የፅንሱ ልብ፣ አንጎል፣ እጅና እግር መሠረት የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ እሷ ራሷ ላታውቅ ትችላለች። ብታውቅም አትናገርም። በእኛ ባህል እርግዝና ቶሎ አይወራም፤ የሰው ዓይን አለ፣ «ሳይጸና» የሚባል ነገር አለ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ስትሰማ ፊቷን ብታጠቁርስ የሚል ፍራቻም አለ። ስለዚህ እርጉዟን ለይቶ መጠበቅ ሁሌም ዘግይቶ መድረስ ነው። መጽዳት ያለበት የክፍሉ አየር ነው፤ ያረገዘችም ያላረገዘችም የምትተነፍሰው እሱን ነው።

እንዲህ ስል ሕጉ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራው ለእሷ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ እንድትዛወር ያዛል። ለምርመራ ስትሄድ ደመወዟ አይቆረጥም። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ አላት። የጽሑፍ ውል ባይኖራት እንኳ አዋጁ የቃል ውልን ያውቃል። ፀጉር ቤት ውስጥ ደግሞ ማዛወር እንደ ፋብሪካ አይከብድም። ሹሩባ ትሥራ፣ ያውም ተቀምጣ። ኬራቲኑን ሌላ ሰው ይያዘው።

ችግሩ ፐርሰንቱ ነው። ብዙ ቦታ ሠራተኛ የምትከፈለው በሠራችው ልክ ነው። ኬራቲን ደህና ብር አለው፤ ሹሩባ የለውም። ልጅ ሊመጣባት ያለች ሴት ደግሞ ያን ጊዜ ብር ከመቼውም በላይ ያስፈልጋታል። ስለዚህ «ደህና ነኝ» ትላለች። በቀን ለአሥር ሰዓታት ቆማ ትሠራለች። ሽንት ቤቱ ከጎረቤት ሕንፃ በቁልፍ የሚከፈት ከሆነ ውሃ መጠጣትም ትተዋለች። ሽንት ይዞ መዋል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊያመጣባት ይችላል፤ እሱ በእርግዝና ጊዜ ችላ ከተባለ ምጥን ያለ ጊዜው ሊያመጣ ይችላል። ይሄኛው የኬሚካልም ጉዳይ አይደለም፣ የቁልፍ ጉዳይ ነው። የፀጉር ቤት ባለቤቶች ለእርጉዝ ሠራተኛ ያለፉትን ወራት አማካይ ገቢዋን ቢያስቡላት ከሁሉም ምክር ይበልጣል። ትልቅ ወጪ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሠራተኛዋ ስትሄድ ደንበኛውም ተከትሏት ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ለዚያው ፀጉር ቤት ባለቤት ነገርኳት። ክፉ ሴት አይደለችም። ዝም ብላ ሰምታኝ «እትዬ፣ መስኮቱን እኮ እከፍተዋለሁ፤ የሚያዘጋኝ ደንበኛ ነው» አለችኝ። «ፀጉሬ እርጥብ ነው፣ ብርድ ይመታኛል ይላሉ።»

መልስ አጣሁ። እኔ ራሴ ስንቴ «ኧረ በሩን ዝጉት፣ ነፋስ ገባ» ብያለሁ! ያን ቅዳሜም ሳልል አልቀርም።