ባልዲ ለማያገላብጡ ጀግኖች

በዚህ ዓምድ ሰው ማመስገን ብርቅ ነው እየተባልኩ ታማሁ። ዛሬ ሐሜቱን አጠፋለሁ። የማመሰግነው በደሴ የፕሮቲን ዱቄት የሚገዙ ወገኖቼን ነው። በተለይ ብዙ ኪሎ ቀንሰው፣ አሁን ደግሞ ጡንቻ ለማውጣት ቆርጠው የተነሡትን።

መቀነሳቸው ላይ ቀልድ የለኝም። በማለዳ የጦሳን ተራራ ሽቅብ መውጣት፣ እራት መዝለል፣ ሰርግ ቤት ሥጋ እያዩ ሰላጣ መብላት ቀላል አይደለም። የወሎ እናት «በሞቴ» እያለች ስታጎርስ አፍን መግጠም ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ሰውየው ይህን ሁሉ ችሎ ሠላሳ ኪሎ ይጥላል። ከዚያ ወደ ከተማ ይወጣል። ሸዋ በር ላይ «ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» ይሉታል። ፒያሳ ሲደርስ «ስኳር ነው አሉ» የሚል ወሬ ቀድሞት ደርሷል። ሰኞ ገበያ ሲደርስ ለእድሩ ያልተነገረው በትዕግሥት ብቻ ነው።

ምን ያድርግ? ሮጦ ዱቄት ይገዛል።

ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ሰው ብዙ ኪሎ ሲቀንስ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከቀነሰው ሩብ ያህሉ ስብ ያልሆነ አካል ነው፤ ጡንቻም አብሮ ይሸኛል። ብረት ካላነሣና ፕሮቲን ካጎደለ ደግሞ ይብስበታል። እስከዚህ ድረስ ሳይንሱም ከእሱ ጋር ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የራሱ ጥበብ ነው፤ የማደንቀውም እሱን ነው።

ጀግናችን ሱቅ ገብቶ መደርደሪያውን ያያል። ትንሽ ጣሳ አለች። ትልቅ ባልዲ አለ። ዋጋቸው ይቀራረባል። ልብ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ባልዲውን ያነሣል እንጂ! ትንሿን መግዛት ለሻጩ ምጽዋት ነው። ባልዲው ላይ ደግሞ ደረቱ ከኮምቦልቻ ማኮብኮቢያ የማይተናነስ ሰው ተሥሏል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ባልዲው ማስ ጌይነር ይባላል። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ሌላ ታሪክ ተጽፏል። አንድ ጊዜ የሚወሰደው መጠን ከ1,200 ካሎሪ ሊበልጥ ይችላል። ፕሮቲኑ 50 ግራም ቢሆን፣ ካርቦሃይድሬቱ 250 ግራም የሚደርስበት አለ። ዕቃው የተሠራው እየበላም መወፈር ላቃተው ቀጭን ልጅ ነው። ሠላሳ ኪሎ በላብ ጥሎ ለመጣ ሰው ግን በገንዘቡ ኪሎውን መልሶ እንደመግዛት ነው። ጀግናችን ይህን አያይም። አበው «ካልተገላበጠ ያራል» ያሉት ባልዲ ሳይመጣ በፊት ነው።

ግን ደግሞ ዝም ብሎ አይገዛም፤ ይጠይቃል። «ኦርጅናል ነው?» ይላል። ሻጩ «ኦርጅናል ነው! ከጅዳ የመጣ» ይላል። ምርመራው ተጠናቀቀ። እስካሁን «የለም ወንድሜ፣ ይሄ ፎርጅድ ነው» ያለ ሻጭ ስላልተገኘ፣ በከተማችን ፎርጅድ የለም ማለት ነው። አንዳንድ አምራቾች እንደ ግላይሲንና ታውሪን ያሉ ርካሽ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ጡቦች ዓይነት) እየጨመሩ የፕሮቲኑን ቁጥር ማሳበጣቸው የእኛን ሻጭ አይመለከተውም። የተለመደው ምርመራ ናይትሮጅን ቆጥሮ «ይሄን ያህል ፕሮቲን አለ» ስለሚል፣ ናይትሮጅን ያላቸው እነዚያ ርካሾችም አብረው ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና ስንቱን ሕፃን ለኩላሊት ጠጠር የዳረገው ሜላሚን፣ ናይትሮጅን የበዛበት የፋብሪካ ኬሚካል፣ ወተት ውስጥ የገባው በዚሁ ቀዳዳ ነው። እሱ ግን የቻይና ነው። የእኛ የጅዳ ነው።

አብዛኛው የፕሮቲን ዱቄት ስለሚሠራበት ስለ ዌይ ያለው ዕውቀትም የሚደነቅ ነው። ዌይ ማለት አይብ ሲወጣ የሚቀረው አጓት ተጣርቶና ደርቆ የሚመጣ ነው። እናቱ ቤት አጓት ሲሰጡት «እኔ ጥጃ ነኝ?» ብሎ ይቆጣል፤ ሱቅ ገብቶ በደሞዙ ይገዛዋል። ለእውነቱ የቤቱ አጓት አብዛኛው ውኃ ነው፤ ዱቄቱ ግን ኮንሰንትሬት የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከመቶ እስከ 80 እጁ ፕሮቲን ነው። ይበልጥ የተጣራው፣ አይሶሌት የሚባለው፣ 90 ይጠጋል፤ የወተት ስኳሩም ጥቂት ስለሆነ ወተት ሆዱን ለሚነፋው ሰው ያ ይሻለዋል። ይህን ለጀግናችን ብትነግሩት አንድ ነገር ብቻ ይመልስላችኋል፦ «እኔ የምወደው የቸኮሌቱን ነው።»

ጾም ሲገባ ደግሞ እንቁላሉን ይተዋል፣ ሥጋውን ይተዋል፣ ጠዋት ጠዋት ግን ዌዩን ይበጠብጣል። «ወተት እኮ ነው» ሲሉት ይገርመዋል። «ዱቄት አይደል እንዴ?» ይላል። የሶያና የአተር ፕሮቲን መኖሩን የነገረው የለም። ቢነግሩትም አተር በዱቄት ተፈጭቶ ቤቱ ስላለ ይንቀዋል።

ምግብማ የድሃ ነው። ብረት እያነሣ ጡንቻ የሚገነባ ሰው በቀን በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ይበቃዋል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ90 እስከ 120 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ገደማ። ከሐይቅ የመጣ አሳም 100 ግራሙ ወደ 20 ይጠጋል። እንዲህ ሲደማመር የሚጎድለውን አንድ መለኪያ ዱቄት፣ 24 ግራም አካባቢ፣ ሊሞላው ይችላል። ግን ምስር የበላ ሰው ምን ይዞ ፎቶ ይነሣል?

ኩላሊቱ የታመመ ሰው ፕሮቲን ከማብዛቱ በፊት ሐኪም ማየት አለበት። ጀግናችን ግን ፀጉር አስተካካይ እያለ ሐኪም አያስቸግርም። አስተካካዩ የላላው ቆዳም በዱቄቱ እንደሚሰበሰብ አረጋግጦለታል።

ብረቱስ? እሱ ጊዜ ይፈልጋል፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ክብደቱንም ቀስ በቀስ መጨመር። ጊዜ ከየት ይምጣ? ዱቄቱን የሚበጠብጥበትን ሼከር በእጁ ይዞ ፒያሳን መዞርም እኮ ሥራ ነው። ክዳኑ ሲንቋቋ ሰው ዘወር ብሎ ያየዋል። ግማሹ ጡንቻ እዚያው ተገነባ።

ባልዲው አለቀ። ኪሎው በሰላም ተመለሰ። ሻጩ ውለታ የሚረሳ ሰው አይደለምና የደንበኛውን ሁለት ፎቶ ለምኖ ቴሌግራሙ ላይ ለጠፈ። «ከመጠቀሙ በፊት» ከሚለው ሥር ቀጭኑ ፎቶ አለ። «ከተጠቀመ በኋላ» ከሚለው ሥር ያለው ደግሞ ሰውየው ጦሳን መውጣት ሳይጀምር በፊት የተነሣው ነው። አዲስ ለማንሣት ማን ይደክማል፣ ልዩነት የለው!