ምን ይዘሽ መጣሽ?

እኔ የምለው፣ ከአረብ አገር የተመለሰችን ልጅ ገና አረፍ ሳትል “ምን ይዘሽ መጣሽ?” ማለት መቼ ነው የሚቀርልን? ሰሞኑን ከሚኒሶታ መጥቼ ጣፎ አክስቴ ጋ ነኝ፣ ሰርቪሱን የተከራየች ከሳውዲ የተባረረች የቆቦ ልጅ አለች፣ ቤተሰቧ በጦርነቱ ያላቸውን አጥተው ተበታትነዋል፣ እዛ መመለስ ፈርታ እዚህ ቀረች። ሌሊት አትተኛም። በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፣ ስልክ ሲጠራማ ይብስባታል፣ የሚደውለው ለደላላው የከፈለችውን ብር ያበደራት ዘመድ ነዋ።

አንድ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ በግጭትና በስደት ያለፉ ሰዎችን የአእምሮ ጤና እያጠና እሷንም ሊያናግራት መጣ። እኔ የጠበቅኩት ሚኒሶታ የለመድኩትን ነው፣ ክሊኒክ ስትገቡ 9 ጥያቄ ያለበት ፎርም ይሰጧችኋል፣ ባለፉት 2 ሳምንታት እንቅልፍ እንዴት ነበር፣ ተስፋ መቁረጥስ፣ ከ0 እስከ 3 ትሞሉና ይደመራል። መጠየቁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ዕዳ አለብሽ ወይ የሚል የለበትም። እሱ ግን ስንት ቀረብሽ፣ ማን ነው የሚደውለው፣ ለእናትሽ ምን አልሻት እያለ ሳይቸኩል ሰማት። ማታ ማታ ስልኳን አጥፍታ ዱቄት ባልዲ ውስጥ እንደምትቀብረው ነገረችው። አንድ ግቢ እየኖርን ማናችንም አናውቅም!

የዓለም ጤና ድርጅት ግጭት ባለበት አካባቢ ከ5 ሰው 1ዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት ይላል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ከሳውዲ ተመልሷል፣ ኤርፖርት ተቀበልናቸው፣ ሰፈራቸው ሲገቡስ ምን ጠበቃቸው? ቡና ሲጠሯት ደስ ይለኛል፣ ሚኒሶታ የጎረቤቴን ስም እንኳን አላውቅም። ግን አቦሉ ሳይቀዳ “እከሊት እኮ ቤት ገዛች” ይጀመራል፣ ልጅቷ አቀርቅራ ሲኒውን ታያለች፣ ማንም ዝም በሉ አይልም። በጣም ነው የሚያናድደኝ! ጦርነቱም አሰሪዎቿም ካደረሱባት በላይ ምን ቀረና ነው እኛ የምንጨምርባት?

አክስቴ እንጦጦ ጸበል እንውሰዳት ትላለች፣ እኔ አማኑኤል ሆስፒታል እላለሁ፣ ሁለቱም ይሁን። መጀመሪያ ግን አንድ ሽማግሌ ለአበዳሪው ደውሎ እስቲ ስራ እስክትይዝ ታገሳት ይበልልን። ለባልና ሚስት ጠብ ሽማግሌ ይላክ የለ፣ ለዚህስ?