«በሰው ላኪልኝ» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ክረምት ዋሽንግተን ለምትኖረው እህቴ መልእክት ጻፍኩላት። «የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ይቺን ራውተር በሰው ላኪልኝ።» ፎቶዋንም አያይዤ ላክሁ። ሦስት ነጫጭ ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው፤ ሜሽ ይሏቸዋል። አንዱ ሳሎን፣ አንዱ ኮሪደር፣ አንዱ ሰርቪስ ቤት ይቀመጣል። እርስ በርስ እየተቀባበሉ ዋይፋዩን ግቢው ሙሉ ያዳርሱታል። ልቤ ሸፍቶ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ስለ እነዚህ ሳጥኖች የተሠራ ቪዲዮ ሳይ አመሻለሁ።

ምክንያት ነበረኝ። እማዬ እሁድ እሁድ ከእህቴ ጋር በቪዲዮ ታወራለች። በየአምስት ደቂቃው ምስሉ ቀጥ ይላል። «ድምፅሽ ጠፋ፣ ልጄ፣ ድምፅሽ ጠፋ» እያለች ስልኩን ይዛ ወደ መስኮት ትሄዳለች። እኔም ሰርቪስ ቤት ቁጭ ብዬ ስሠራ፣ ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ሰው በዚህ ቢማረርና አዲስ ዕቃ ቢመኝ ምንም አያስነውርም።

እህቴ መለሰችልኝ። «እሺ፣ እልካለሁ። ግን ችግሩ ምን እንደሆነ አወቅክ?»

አላወቅኩም ነበር። የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄጄ የጠየቅኩት ልጅ ራውተሩን ሳያይ፣ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ «ይቀየር» አለኝ። እኔም አመንኩት፤ ምክንያቱም መስማት የፈለግኩት እሱን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ ሳሎን ገባሁ። ዋይፋዩን አጥፍቼ ላፕቶፑን በኬብል ቀጥታ ከዋናው ራውተር ጋር አገናኘሁት። ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ከፈትኩ፤ አንዴም አልተቆረጠም። ስለዚህ ከውጭ የሚገባው መስመር ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከራውተሩ ወዲህ፣ ቤታችን ውስጥ ነው። ይቺ አንዲት ሙከራ ስንት ጭቅጭቅ ታስቀራለች! ብዙዎቻችን ዘለን የኢንተርኔት አቅራቢውን መውቀስ ይቀናናል። አንዳንዴ ልክ ነን፤ ግን ሳንለካ ነው።

ቀጥሎ ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብዬ ጻፍኩ። የብዙ ራውተሮች የውስጥ አድራሻ እሱ ነው። ሰማያዊው የዋናው ራውተር መግቢያ ገጽ መጣ። ሰርቪስ ቤት ሄጄ ያንኑ ቁጥር ስጽፍ አረንጓዴ ገጽ መጣ። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩት፤ አሁን ደግሞ ሰማያዊው። አንድ አድራሻ፣ ሁለት ቤት! ያኔ ገባኝ።

ከዓመት በፊት አሮጌውን ራውተር ሰርቪስ ቤት አስቀምጬ፣ ከሳሎኑ በረጅም ኬብል አገናኝቼው ነበር። ሁለቱም 192.168.1.1 ነን ይላሉ። ሁለቱም ለሚገናኝ ስልክ ሁሉ አድራሻ፣ ማለትም በቤቱ መረብ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ያድላሉ። ሁለት አባወራ ያለበት ቤት ማለት ነው። ስልኩ መውጫውን ሲጠይቅ ዋናው ቀድሞ ከመለሰለት ኢንተርኔት ያገኛል፤ አሮጌው ከመለሰለት ግን፣ እሱ ራሱ ከውጭው መስመር ጋር ስላልተገናኘ፣ በሩ የትም አያደርስም። የእማዬ ስልክ በየአምስት ደቂቃው የሚደነዝዘው ለዚህ ነበር።

መፍትሔው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የአሮጌውን አድራሻ 192.168.1.2 አደረግኩት። አድራሻ የሚያድልበትን፣ ዲኤችሲፒ የሚባለውን፣ አጠፋሁ። ኬብሉም ለኢንተርኔት መግቢያ በተለየው ቀዳዳ ሳይሆን ከተራዎቹ በአንዱ እንደተሰካ አረጋገጥኩ። አዲሱን አድራሻ በፕላስተር ላይ ጽፌ ከጀርባው ለጠፍኩት፤ ነገ ሌላ ሰው ሲነካው ግራ እንዳይገባው።

ይህን የምጽፈው ብዙ ቤት ተመሳሳይ ነገር ስለማይ ነው። ራውተሩ ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቆልፎበት «ዋይፋዩ ደካማ ነው» ይባላል። የቆርቆሮ ግድግዳ የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል፤ ወፍራም ኮንክሪት ያዳክመዋል። ዋይፋይ ከሚጠቀምባቸው የሞገድ መስመሮች 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን ይከብደዋል። 2.4 ጊጋኸርዝ የተሻለ ያልፋል፤ ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ጎረቤት ሁሉ የሚጨናነቅበት እሱ ነው። ያ መስመር ቻናል በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል፤ እርስ በርስ የማይረባበሹት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ከሦስቱ ሰው ያነሰበትን መምረጥ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

አዲስ ዕቃ የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አልልም። ቤቱ ሰፊ ከሆነ፣ ኬብል መዘርጋት ካልተቻለ፣ ሜሽ እውነተኛ መፍትሔ ነው። ግን ችግሩን ሳናውቅ ከገዛን ችግሩ ከአዲሱ ዕቃ ጋር አብሮ ይቀጥላል። እኔም ሦስቱን ሳጥኖች አስመጥቼ አሮጌውን ሳልነካው ብተወው ኖሮ፣ አሮጌው እዚያው ሆኖ አድራሻ ማደሉን ይቀጥል ነበር።

የሚቆጨኝ ደግሞ የሚላክልን ዕቃ ዋጋ ነው። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ትርፍ ሰዓት ሠርተው ነው የሚገዙልን። ይዞ የሚመጣውም ሰው ከ23 ኪሎ ሻንጣው ላይ ለእኛ ቦታ ይቀንሳል። «ላኪልኝ» ከማለት በፊት ግማሽ ቀን መፈተሽ የሚገባን ይመስለኛል። ሻጮችና ጠጋኞችም «ይቀየር» ከማለታቸው በፊት ምን እንደተበላሸ ስሙን ጠርተው ይንገሩን። ደንበኛውም ይህን የመጠየቅ መብት አለው።

እህቴ በራውተሩ ፋንታ ለእማዬ የደም ግፊት መለኪያ ላከችላት። በሚቀጥለው እሁድ 50 ደቂቃ አወሩ፤ ስለ ግፊቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ። እማዬ ከሶፋው አልተነሳችም።