ኦሪጅናል ነው፣ ኢንተርኔት ግን አይወድም

በስልክ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ። ኮምፒዩተሩማ ያው እንደገና አስቸግሯል።

ወርድ ላይ «ፈቃድ የለውም» የምትለው ያቺ ቀይ መስመር ተመልሳ መጣች። ወርድ ይከፈታል፣ ይነበባል፣ አንዲት ፊደል መጨመር ግን አይቻልም። የእህቴ መመረቂያ ጽሑፍ ሰኞ ይገባል። «ማጠቃለ» ላይ ቆሟል። «ያ»ዋን የሚያስገባላት ጠፋ!

ሲፒዩውን ተሸክሜ ወርዱን ወደ ጫነልኝ ሱቅ ሄድኩ። ታክሲ ላይ የሁለት ሰው አስከፈሉኝ። የሱቁ ልጅ ከፍቶ አየና ቀና እንኳን ሳይል፣

«ጋሼ፣ ምን ነክተውት ነው?»

«ምንም አልነካሁም።»

«ኢንተርኔት አገናኝተውታል?»

«አዎ፣ እና?»

«እሱ ነዋ!»

ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፍላሽ ሊገዛ የመጣ ሕፃን ሳይቀር።

«ኦሪጅናል ነው ብለህ አይደል እንዴ የሸጥክልኝ?»

«ኦሪጅናል ነው ጋሼ። ኢንተርኔት ግን አይወድም።»

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። የነደደኝ ደጅ ስወጣ ነው።

ያኔ ሲሸጥልኝ መጀመሪያ ብጣሽ ወረቀት ላይ 25 ፊደልና ቁጥር፣ ማስከፈቻ ቁልፍ ነው ብሎ፣ ጽፎ ሰጠኝ። አስገባሁ፣ እምቢ አለ። ደውዬ የስህተቱን ኮድ አነበብኩለት፦ «ሲ ዜሮ ዜሮ አራት ሲ ዜሮ ዜሮ ስምንት»። ለካ ቁልፉ ከተፈቀደለት በላይ ኮምፒዩተር ላይ ገብቷል ማለት ነው! ስንት ሰፈር በአንድ ቁልፍ እንደምንገባ እግዜር ይወቅ። ከዚያ «አንቲቫይረሱን ያጥፉትና ሌላ ነገር ልጫንልዎት» አለኝ። ሌባው እንዲገባ ውሻውን እሰር እንደማለት ነው። አሰርኩታ! በኋላ የአክስቴ ልጅ ሲነግረኝ ያ የጫነልኝ ነገር የሚጠቀመው ለድርጅቶች የተሠራ የፈቃድ አሠራር ነው፤ 180 ቀን ይቆያል፣ ካልታደሰ ይሞታል። በየስድስት ወሩ ሱቁን የምሳለመው ለካ ለዚህ ነው።

«ለምን በትክክል አትገዛም?» የምትሉኝ አላችሁ። በየትኛው ካርድ? በብር ካርዴ? ደግሞስ የኔዎቹ ዊንዶውስ 10ም፣ ኦፊስ 2016ም በአንድ ቀን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ ድጋፋቸው ተቋርጧል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ካላየሁ አልገባም ይላል፤ ፕሮሰሰሩም አዲስ ይሁን ይላል፣ የኔ ሲክስዝ ጄኔሬሽን አሮጌ ደጁንም አይረግጥ።

«ፎርማት እናድርገው፣ 600 ብር» አለኝ። ፎርማት ሲባል ሆዴ ይላወሳል። ባለፈው «ዲ ድራይቭ ላይ ያለው አይነካም» ብሎኝ የወንድሜ ሠርግ ፎቶ እንዳለ ሄደ። እስከ ዛሬ ለሚስቱ አልነገርናትም። (እዚህ ካለሽ ይቅርታ።)

ምን ላድርግ፣ ከፈልኩ። ሠራው። ስክሪኑ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተርም ጨመረልኝ፣ በእስክሪብቶ «ኢንተርኔት ክልክል ነው» ተጽፎበታል።

ቤት ገብቼ ሰካሁት። እህቴ ስልኳን ይዛ መጣች። አማካሪዋ መልእክት ልኮላታል፦ ምዕራፍ ሦስትን ዛሬውኑ ኢንተርኔት ላይ፣ ጉግል ዶክስ ላይ አስተካክዪ።