ማስተካከያ፦ ስለ ጀልባ ሞተር የነዳጅ ችግር

የጀልባ ሞተር ተነስቶ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የሚጠፋ ከሆነ «ካርቡራተሩን ፈትታችሁ እጠቡ» ብዬ ጽፌ ነበር። ቅደም ተከተሉ ስህተት ነው። ካርቡራተር፣ ማለትም ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል፣ የሚፈታው መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለባት በነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ብሎን ናት። እርሷ ከተዘጋች በተቀዳው ቤንዚን ምትክ አየር አይገባም፤ ሞተሩም መሳብ ያቅተውና ይጠፋል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ስለሚነሳ ጥፋቱ የካርቡራተሩ ይመስላል፤ እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ነው።

ቀጥሎ ከታንኩ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ መሃል ያለውን በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ፓምፕ ተመልከቱ። ሞተሩ እየሠራ ፓምፑ ወደ ውስጥ ተስቦ ከተጣበቀ፣ የተዘጋው ወደ ታንኩ ባለው በኩል ነው። ታንኩ ቤንዚን እያለው ደጋግማችሁ ብትጨምቁትም ካልጠነከረ፣ ወይ አየር የሚያስገባ መገጣጠሚያ አለ፣ ወይ የፓምፑ ቫልቭ ተበላሽቷል። ጠንክሮ እያለ ሞተሩ ከጠፋ ግን ወደ ማጣሪያው፣ ወደ ሞተሩ የነዳጅ ፓምፕ፣ በመጨረሻም ወደ ካርቡራተሩ ሂዱ።

ሁለተኛው ስህተቴ ይብሳል። ለባለ ሁለት ምት ሞተር የ50 ለ1 ድብልቅ (50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት) በሊትር ቤንዚን 50 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው ብዬ ነበር። ትክክለኛው 20 ሚሊ ሊትር ነው። የጻፍኩት 20 ለ1 ይሆናል፤ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ጭስ ያበዛል። በ10 ሊትር ቤንዚን 500 ሚሊ ሊትር ዘይት የቀላቀላችሁ፣ 15 ሊትር ንጹሕ ቤንዚን ብትጨምሩበት ይስተካከላል። በባለ አራት ምት ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም።