ጨው ይታጠባል፣ አርሴኒክስ?

አንድ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የካሪቢያንን ዳርቻ የሚያጥለቀልቀው ሳርጋሰም የተባለ ተንሳፋፊ የባሕር አረም ጨዉ ከታጠበ ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል ይላል። ለጨዉ እውነት ነው። መርዛማው አርሴኒክ ግን አረሙ ራሱ ከባሕሩ መጥጦ ያከማቸው ስለሆነ፣ ላዩን በማጠብ ሙልጭ ብሎ አይወጣም። ኮምፖስቱ ላቦራቶሪ እስኪታይ ድረስ ለሚበላ ነገር ባይውል ይሻላል፤ ለአበባና ለጌጥ ዛፍ ይሁን፣ ያውም ከደረቅ ቅጠል ወይም ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር ተደባልቆ።

የአረሙ አሰባሰብ ደግሞ በጽሑፉ ተዘሏል። ዳርቻ ላይ 48 ሰዓት ያህል ከሰነበተ ይበሰብስና የገማ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣዋል፤ ብርን የሚያጠቁር፣ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ነው። ስለዚህ ትኩሱን በመንሽ ማንሳት፣ አሸዋውንም እዚያው ማራገፍ። ዶዘር ከገባ አሸዋውን አብሮ ይዝቃል፣ የኤሊ እንቁላልም ይጨፈልቃል።