ውሃ ሽቅብ የሚወጣበት ምሽግ

እዚህ አራት ኪሎ ቧንቧው ከደረቀ ሰነበተ፣ ጀሪካኑ ኮሪደሩ ላይ ተደርድሯል። ድዋርፍ ፎርትረስ በሚባለው፣ ድንኮች ምሽግ በሚቆፍሩበት የኮምፒውተር ጌም ውስጥ ግን ውሃውን ማቆም አልቻልኩም! ኧረ በሕግ!

ጌሙ በ2006 (በፈረንጆቹ) የወጣ ነው፤ እስካሁን ያቃጥላል። ውሃው በየካሬው ከ1 እስከ 7 ይለካል፤ 7 ማለት ጢም ብሏል። እሺ ይሁን። የሚያበግነኝ ግፊቱ ነው። ከወንዝ ቦይ ስቤ ምድር ቤት ጉድጓድ ልሙላ ስል፣ ውሃው በጉድጓዱ አፍ ሽቅብ ገንፍሎ መኝታውንም ጎተራውንም ይውጠዋል። ድንኮቹ መዋኘት የት ያውቃሉ!

መላው ምን መሰላችሁ? ቦዩን አንድ ቦታ ላይ በሰያፍ ማሳለፍ። በማዕዘን ሾልኮ ሲያልፍ ግፊቱ ይሞታል። ይህን በየትኛው ፊዚክስ ነው የማውቀው? የቀለጠው አለት እንኳ በፓምፕ ካልገፉት ግፊት የለውም፤ ጨዋ ነው።

የውሃ መዝጊያውማ አይነሳ። የሚያንቀሳቅሰው ሌቨር (ማንሻ) ተስቦም ወዲያው አይዘጋም፣ ይለግማል። ያውም የሚስበው ከተገኘ ነው። ቤቱ በጎርፍ እየሄደ፣ ድንኩ ሆዬ ቢራ ሊጠጣ ወርዷል።